ራስ የማያሳምመው ክኒን

ሜትሩ ያችን ክኒን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ዕለት ሚስቱን ሳይሰድብ የቀረው አቅም ስላልነበረው ብቻ ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት መቀሱን እንደያዘ ደረቱን ጭምድድ አደረገው፤ መድኃኒት ቤት እንደነገሩትም አንዷን ፍሬ ምላሱ ሥር ወሸቃት። ቁጭ ብለህ ውሰድ መባሉን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር። ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ከነመቀሱ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ነፍሱ ስትመለስ ደረቱ ለቆታል፤ ራሱ ግን ሊፈነዳ ደርሷል።

«ይኼ መድኃኒት ነው መዶሻ?» አለ፣ ግንባሩን በሁለት እጁ ጥፍንግ አድርጎ። «ሕመሙን ከደረቴ አንስቶ አናቴ ላይ ነው እኮ ያስቀመጠው!»

«ተነግሮህ ነበር» አለች ሚስቱ፣ ውሃ እያቀበለችው። «ተቀመጥ ተብለህ ነበር። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ፊት ያቀላል ተብለህ ነበር። አንተ ግን የተባልከውን ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አንቺ ደግሞ! የወደቀ ሰው ላይ!»

ሜትሩ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የልብስ መለኪያው ሜትር ከጠዋት እስከ ማታ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፤ እሱም ወዶት ይጠራበታል። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ፣ እና መቼም የማያልቅ ንትርክ። ልጅ አልወለዱም። እሱ የእሷ፣ እሷም የእሱ ነበሩ፤ ሌላ የሚሳሱለት አልነበራቸውም።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሴት ነገሩን አንድ በአንድ አስረድታቸዋለች፤ በዚህ ማንም እሷን አይውቀስ። «ናይትሬት ከሚባሉት ዓይነት ነው» ብላቸዋለች። «የደም ሥር ያሰፋል፤ ራስ የሚያሳምመውም፣ የሚያዞረውም ለዚህ ነው። ቁጭ ብለው ይውሰዱት፤ ሲነሱም ቀስ ብለው። አንዱን ወስደው በአምስት ደቂቃ ካልተሻለዎት አይጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይምጡ። ከጠርሙሱ ደግሞ አያውጡት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺን ለወንዶች የምትሰጠውን ክኒን ከዚህ ጋር በጭራሽ እንዳይሞክሯት፤ የደም ግፊትዎን ጥላ ትገድልዎታለች» አለችው።

ሜትሩ ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «ሰማሽ? ከዛሬ ጀምሮ አርፈን የምንተኛው በሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«ወይ አንተ! ሰው ፊት!» ብላ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። መድኃኒት ሰጪዋም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በዚያ ሳቅ መሀል የጠርሙሱ ነገር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ።

የሜትሩ ታላቅ እህት ግን ነገሩን በሳቅ አላለፈችውም። እናታቸው ከሞተች በኋላ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናም ወንድሟን ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። የልቡን ነገር ስትሰማ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ ደንበኛ ፊት፣ «እንደ ስፌት መኪናሽ በእግርሽ እየረገጥሽ ጨረስሽልኝ!» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ስፌቷን ቀጠለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ምላስ የመለሰችው በዝምታ ነው፤ በሆዷ ግን ትፈራታለች፣ በጣም ነው የምትፈራት።

ክኒኑን ከወሰደ በኋላ ግማሽ ቀን በራስ ምታት ስለሚሰቃይ፣ ሜትሩ ጠርሙሷን እየረሳ፣ ወይም የረሳ እየመሰለ፣ ቤት ጥሏት መውጣት ጀመረ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሱቅ ውስጥ ያዘው። ኪሱ ባዶ ነው። ሚስቱ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ቤት ሮጠች፤ ሰው እየገፋች፣ መኪና ፊት እየተሻገረች፣ ሹፌሮች እየሰደቧት ደርሳ ተመለሰች። ስትገባ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ አገኘችው። አንዷን አጎረሰችው፤ ተረፈ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልቻለችም።

በማግስቱ ሥራዋን ሁሉ ወደ ጎን ብላ ሸሚዞቹን ሰበሰበች። ስድስት ናቸው። ከእያንዳንዱ የታችኛው እጥፋት ላይ ቁራጭ ጨርቅ እየወሰደች፣ ቀለሙ እንዳይለይ፣ በግራ በኩል ከሁለተኛው ቁልፍ ኋላ አውራ ጣት የምታክል የውስጥ ኪስ ሰፋችላቸው። ከውጭ አትታይም። ላብ እንዳይነካቸው ብላ ክኒኖቹን ሦስት ሦስቱን በልብስ መጠቅለያ ላስቲክ ቋጥራ ከተተች። የተረፉትን በአንዲት ባዶ የቁልፍ ቆርቆሮ አስቀመጠች። ቁልፍ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ሲዘዋወር ያው ቁልፍ ነው፤ ክኒንም ያው ክኒን መሰላት። ጠርሙሷን እንኳ አልጣለቻትም፤ አፏ ጠባብና ጥሩ ስለነበረች የስፌት መኪና ዘይት ሞላችባት።

«እንግዲህ ረሳሁ የምትል ከሆነ ሸሚዝህን ረስተህ ራቁትህን ወጥተሃል ማለት ነው» አለችው።

ሜትሩ ኪሷን በጣቱ ዳበሳት፣ ገለበጣት፣ ስፌቷን በባለሙያ ዓይን አየና፣ «እጅሽን ይባርከው» አለ። ሙያዋን በአፉ አመስግኗት አያውቅም ነበር።

ኪሷ ወሬ ሆነች። ከሜትሩ ጋር በአንድ ቀን የልብ ክትትል ያለው፣ ወረፋ ላይ የተዋወቀው አንድ ባለታክሲ ነበር፤ ተጫዋች፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚታገል ሰው። እሱም ያንኑ ክኒን ነው የሚወስደው። ኪሷን ሲያይ ሸሚዞቹን ተሸክሞ መጣ። «እህት ዓለም፣ በሞቴ፣ ለእኔም!» አለ። «ጠርሙሱ መሪው ሥር እየገባ መንገድ ላይ ጎንበስ ስል ሊያጋጨኝ ነው!» አራት ሸሚዝ ላይ ሰፋችለት፤ ክኒኖቹንም ራሷ ቆጥራ፣ ራሷ ቋጥራ ከተተችለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም ወንዶች እንደ ተአምር ነው ያወሩት። ራስ ምታቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ቀጥሎም ጭራሹን ጠፋ። ሜትሩ ደረቱን ሲጨብጠው መቀሱን አስቀምጦ ይቀመጣል፣ ክኒኗን ምላሱ ሥር ያደርጋል፣ እፎይ ብሎ ያርፋል፤ በማረፉ ሕመሙ ሲለቀው መድኃኒቱ ያዳነው ይመስለዋል። አይዞረው፣ ፊቱ አይቀላ፣ አናቱን አይወቅረው። «ሰውነቴ ለመደው!» ይላል እየሳቀ። «መዶሻውን ጣለልኝ!» ሚስቱም እሰይ ትላለች። ለክትትል ሲሄድ ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ራስ ምታቱስ?» አለው። «ለቆኛል» አለ ሜትሩ። «ጥሩ» አለ ሐኪሙ፤ በሩ ላይ አርባ ሰው ይጠብቀዋል። ምን ዋጋ አለው፣ አንዲት ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ!

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ሱቁ በዩኒፎርም ታፍኖ ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ሜትሩ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሳይናገር ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። እንዲህ ዝም ሲል አይታው አታውቅም። ከኪሱ አንዷን አውጥቶ ምላሱ ሥር አደረገ። እሷ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ላብ አጠመቀው።

«እንሂድ» አለች።

«ቆይ... ይሠራል። መቼ ጥሎኝ ያውቃል?» ሁለተኛዋን ጨመረ።

ቆየች። ይኼን ነው በኋላ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት፤ ቆየች። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሩጡ የተባለውን ታውቀዋለች፣ ግን ያንን ክኒን ከምንም በላይ አምናዋለች፤ በእጇ ያስቀመጠችው ነው። ሦስተኛዋን ሲወስድ ክንዱ እስከ ጣቱ ደንዝዞ ስለነበር ኪሱን የከፈተችለት እሷ ናት። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ለባለታክሲው ደወለች።

ባለታክሲው ጡሩንባ እየነፋ፣ መብራት እየጣሰ በረረ። ሜትሩ ከኋላ ወንበር ጭኗ ላይ ተኝቶ ዓይኖቿን ፈለጋቸው። «አይዞሽ» አላት። «ራሴን እንኳ ምንም አላመመኝም።» ሆስፒታሉ በር ላይ አልጋ ይዘው ሲወጡ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ዶክተሯ ገና ልጅ እግር ናት። ልብስ ሰፊዋን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ እጇን ያዘቻት። ታላቅ እህቱም በስልክ ሰምታ እየጮኸች ደርሳ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ትሰማለች። ባለታክሲው መኪናውን ከበሩ ላይ ሊያነሳ ወጥቷል።

«ክኒኑን ወስደው ነበር?»

«ሦስት።»

«ምላሳቸውን ለብለብ አደረጋቸው? ራሳቸውን አመማቸው?»

«ኧረ የለም። እሱስ ከለቀቀው ሁለት ወር አለፈው።»

የዶክተሯ ፊት ትንሽ ተለወጠ። «ክኒኑን የሚያስቀምጡት በምን ነበር? በራሱ ጠርሙስ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ለምን እንደተጠየቀች አላወቀችም። ግን የሴት ልብ አይደል፣ ነገር እንዳለ ገባት። ቀና ስትል ያያት የታላቅ እህቱ ዓይን ነው።

«በጠርሙሱ» አለች።

ዶክተሯ እፎይ አለች። «እንግዲያውስ የሚቻለውን አድርገዋል፤ ራስዎን አይውቀሱ። የጠየቅኩዎት ያ ክኒን ከጠርሙሱ ወጥቶ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ከተያዘ ኃይሉ ተንኖ ስለሚጠፋ ነው። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ራስም አያሳምም፣ ልብም አያድን። የእሳቸው ግን ሰውነታቸው ለምዶት ይሆናል። ሕመሙም ከባድ ነበር፤ ምናልባት ምንም አያድናቸውም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። እጇ ላይ የተቀመጠውን የዶክተሯን እጅ እያየች ቀረች።

ታላቅ እህቱ ከግድግዳው ተላቃ መጣች። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ሰበረች፤ ስድቡን ጠበቀች። እህቱ ግን አጠገቧ ዘጭ ብላ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጨምቃ አቀፈቻት። «በደልኩሽ» አለቻት እየተንሰቀሰቀች። «እንደ ዓይንሽ ብሌን ስትጠብቂው እኔ ስሰድብሽ ኖርኩ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እህቴ ብላት አታውቅም ነበር።

እንግዲህ ይኼን እርቅ ማን ያፈርሰዋል? እኔን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ቤቱ በሰው ተሞላ። እህቱ ከልብስ ሰፊዋ ጎን አልጠፋችም፤ በእጇ ታጎርሳታለች፣ ፀጉሯን ትደባብሳታለች፣ ለመጣው ሁሉ፣ «እንደዚህች ያለች ሚስት የለችም፤ መድኃኒቱን እንኳ ከነጠርሙሱ የሚይዝ ኪስ ደረቱ ላይ ሰፍታለት ነበር» ትላለች። እያንዳንዱ ቃል ልብስ ሰፊዋን እንደ መርፌ ይወጋታል። ባለታክሲውም ሥራውን ትቶ ወንበር ያመላልሳል፣ ሰው ያደርሳል፣ ይመልሳል። የለበሰው ሸሚዝ እሷ ኪስ የሰፋችለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ጓዳ ጠራችው።

«ያንን ክኒንህን ጣለውና አዲስ ግዛ» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን በወጣኝ? ገና ስንት አለኝ!»

«ዝም ብለህ ግዛ። ከጠርሙሱም አታውጣው።»

«እህት ዓለም፣ ሐዘን አናውጦሻል» አላት ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «የእኔ እኮ ሰላም ነው። ራሴን እንኳ አያመኝም፤ እጅሽ ይባረክ።»

አንድ ቃል ብትጨምር ይገባው ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ግን የሜትሩ እህት ድምፅ ይሰማል፤ ለሰዎች ስለ ኪሷ እያወራች ነው። ልብስ ሰፊዋ ትታው ወደ ሐዘንተኛው ተመለሰች። ነገ፣ አለች በሆዷ፤ ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ። ነገም መጣ፣ እሱም መጣ፣ ሰዉም መጣ። ጠዋት በር ላይ ልታገኘው ስትል ሌላ ሰው ቀደማት። ምሳ ሰዓት ላይ ከሜትሩ እህት እቅፍ መውጣት አቃታት። እንዲያውም አቃታት ማለት ውሸት ነው፤ አልወጣችም።

ከሰዓት በኋላ ባለታክሲው ሁለት ሁለት ወንበር አንጠልጥሎ ከደጅ ሲገባ መሀል ክፍሉ ላይ ቀጥ አለ። ወንበሮቹን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። አንደኛው ላይ ተቀመጠ። ሰው ደክሞት ነው ብሎ አለፈው፤ ያችን ዝምታ የምታውቃት ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። እጁ ወደ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እንዳትደነግጥ ብሎ ሊስቅላት ሞከረ፣ ክኒኗንም ወደ አፉ ወሰዳት።

«አትጠብቀው!» ጮኸች። ከእህቱ እቅፍ ተፈትልካ ወጥታ እጁን ያዘችው። «አይሠራም! ባዶ ነው! እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ከጠርሙሱ አውጥቼ፣ በላስቲክ ቋጥሬ፣ እኔ ነኝ! ሜትሩም ሲጠብቅ ነው የሞተው! ሆስፒታል ውሰዱት፣ ምን ታዩኛላችሁ፣ ውሰዱት!»

ቤቱ ተተራመሰ። ሁለት ጎረቤቶች ብብቱን ይዘው አወጡት፤ ሌላው የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ ነጥቆ መሪ ጨበጠ። መኪናዋ ስትነሳ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ፣ ከጠርሙሱ ጀምሮ ለዶክተሯ እስከ መለሰችው መልስ ድረስ፣ ለማንም ሳይሆን ለወለሉ ተናገረች። አንዲት ጎረቤት ታለቅሳለች። እህቱ አታለቅስም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ባለታክሲው ደርሷል፤ ልቡ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ግን በሕይወት አለ፤ አስተኝተውታል። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ። ሰዉ ሁሉ ተመስገን አለ።

ያን ጊዜ ታላቅ እህቱ ተነሳች። ጫማዋን ከበሩ ሥር ፈልጋ አጠለቀች። ልብስ ሰፊዋ ከወለሉ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እርስዎን ፈርቼ ነው» አለች። «ሌላ አይደለም። እርስዎን ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

«አውቃለሁ» አለች እህቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርስ በተሻለ። «ወንድሜን የገደልሽው ሳታውቂ ነው። እሱን እግዜር ያየዋል፤ እኔም እችለው ይሆናል። ይኼ ሰውዬ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፊትሽ ወንበር ሲሸከም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሽ አየሽው።»

ጠበቀቻት፤ እውነትም ምን እንደምትል ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች።